አሪቲን በጓሮ ማልማት፦ አተካከሉና ጥንቃቄው

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አካባቢ አሪቲ ለማንም እንግዳ አይደለም። ቡና ሲፈላ ይቀነጠሳል፤ በበዓል ቀን የቤት ማሳመሪያ ይሆናል። ብዙዎች ግን ከጎረቤት ተቀብለው ይተክሉትና ክረምቱን ሳይሻገር ይደርቅባቸዋል። ምክንያቱን ለመረዳት ቅጠሉን ማየት ይበቃል።

የአሪቲ ቅጠል ብር የመሰለውና ሲዳሰስ የሚለሰልሰው በስስ ነጭ ጸጉር ስለተሸፈነ ነው። ጸጉሩ የፀሐይን ብርሃን መልሶ ያንጸባርቃል፤ ከቅጠሉ የሚተነውን ውሃም ይቀንሳል። ስለዚህ አሪቲ ፀሐይን የሚችል ተክል ነው። የሚገድለው ከሰኔ እስከ መስከረም ሥሩ ላይ የሚተኛው ውሃ ነው፤ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል።

ለመትከል ጤነኛ ቅርንጫፍ መርጣችሁ አንድ ስንዝር ያህል ቁረጡ። የታችኛውን ቅጠል አራግፋችሁ ግማሹን አፈር ውስጥ ቅበሩት። ክረምቱ ሲያባራ፣ በመስከረም መጨረሻ፣ ቢተከል ይመረጣል። ቦታው ፀሐይ የሚያገኘው ይሁን። መሬቱ ዋልካ ከሆነ አሸዋ ቀላቅላችሁ ከፍ ያለ መደብ አብጁለት። ፍግ አታብዙበት፤ ሲበዛበት ይለመልማል እንጂ አይጠነክርም። ሥር እስኪሰድ በመጠኑ አጠጡት፤ ከዚያ በኋላ አፈሩ ሲደርቅ ብቻ ይበቃዋል። ጫፉን በየጊዜው መቅጠፍ ቁጥቋጦው እንዲደፋፋ ያደርጋል።

አንድ ብርቱ ጉዳይ አለ። ወባ በሚበረታባቸው ቆላማና ወይና ደጋ ቀበሌዎች አሪቲን ጨምቆ ወይም አፍልቶ በመጠጣት ወባን ለማከም የሚሞክር አይጠፋም። አርቴሚሲኒን የተባለው የወባ መድኃኒት ከዚሁ ከአርቴሚዚያ ወገን መገኘቱ እውነት ነው፤ ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ በ2015 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኙት በዚህ ግኝት ነው። ነገር ግን መድኃኒቱ የሚወጣው አርቴሚዚያ አኑዋ ከሚባል ሌላ ዝርያ እንጂ ከጓሯችን አሪቲ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትም የአርቴሚዚያን ቅጠል አፍልቶ መጠጣትን ለወባ ሕክምና አይደግፍም። በዚያ ላይ አሪቲ ቱጆን የተባለ፣ ሲበዛ ነርቭን የሚጎዳ ንጥረ ነገር አለው፤ ነፍሰ ጡሮች ፈጽሞ ሊጠጡት አይገባም።

ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ሲጀምር፣ በተለይ ሕፃን ከሆነ፣ በዚያው ቀን ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ሄዶ መመርመር ያስፈልጋል። ሺፋ ከአላህ ነው፤ ሰበቡን ማድረስ ግን የእኛ ድርሻ ነው። አሪቲው ለመዓዛው ጓሯችንን ያስውብልን።