የባሌ ደጋ ሁለት የዝናብ ወቅቶችና የስንዴ ዋግ

ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት

በአብዛኛው የአገራችን ደጋ ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘንባል። በባሌ ደጋ ግን በመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ በሚያዝያና በነሐሴ አካባቢ ይበረታል፣ በሰኔ ረገብ ይላል። በዚህ ምክንያት በሮቤ፣ በጎባና በሲናና አካባቢ በዓመት ሁለት ጊዜ ይዘራል።

በመጋቢትና በሚያዝያ ተዘርቶ በሐምሌና በነሐሴ የሚታጨደው ሰብል ጋና፣ በነሐሴ ተዘርቶ በታኅሣሥና በጥር የሚታጨደው ቦና ይባላል። በኦሮምኛ ጋና ክረምት፣ ቦና በጋ ማለት ነው። ሰብሉ ስሙን ያገኘው ከሚዘራበት ሳይሆን ከሚታጨድበት ወቅት ነው። ስለዚህ ዘር ሲጠየቅ የመዝሪያው ወር አብሮ ይጻፍ።

ከፍታም ልዩነት ያመጣል። ሮቤ 2,500 ሜትር፣ ጎባ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ስለሚቀንስ በጎባ በኩል ሰብል ዘግይቶ ይደርሳል። ዘግይቶ የተዘራ የቦና ስንዴም ፍሬ በሚሞላበት በኅዳር ወር ውርጭ ሊያገኘው ይችላል።

ሁለት ጊዜ ማምረት በረከት ቢሆንም አደጋ አለው። ዋግ የሚኖረው በሕይወት ባለ ተክል ላይ ነው። የጋናው ስንዴ ሳይደርቅ የቦናው ከበቀለ፣ በሽታው በነፋስ ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ይሸጋገራል። ቢጫ ዋግ ቀዝቃዛና እርጥብ አየር፣ የግንድ ዋግ ደግሞ ሞቅ ያለ አየር ይስማማዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ በአገሪቱ ሲዛመት በሰፊው ይዘራ የነበረው ቁብሳ ክፉኛ ተጎዳ። ብዙ ገበሬዎች ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው ዲገሉ ዞሩ፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ በባሌና በአርሲ በአዲስ የግንድ ዋግ ዓይነት ተመታ። በአንድ ዝርያ ብቻ መተማመን ምን እንደሚያስከትል ከዚህ እንረዳለን።

ስለዚህ የሚከተሉትን እንመክራለን።

1. በጋና ስንዴ የበቀለበትን ማሳ በቦና ባቄላ ወይም አተር ይዝሩበት።

2. ከረገፈ ፍሬ ሳይዘራ የበቀለውን ስንዴ ከቦና መዝሪያ በፊት አርሰው ያጥፉ።

3. ማኅበሩ ዘር ሲያዝ የዋግ መቋቋም ችሎታቸው የሚለያይ ሁለት ወይም ሦስት ዝርያዎችን ይምረጥ።

4. ከመስከረም ጀምሮ ማሳውን በየሳምንቱ ይመልከቱ። ቢጫ ወይም ቀይ ቡናማ ዱቄት በቅጠል ወይም በግንድ ላይ ሲታይ ሳይውል ሳያድር ለግብርና ጽሕፈት ቤት ያስታውቁ፤ የተፈቀደ መድኃኒት የሚጠቅመው በሽታው ሳይስፋፋ ሲረጭ ነው።

5. የጋና ሰብል የሚታጨደው በዝናብ መካከል ስለሆነ እህሉ በጎተራ ከመግባቱ በፊት በደንብ ይድረቅ፤ እርጥበቱ ከ13 በመቶ አይብለጥ።

አንድ ገበሬ ብቻውን ቢጠነቀቅ ነፋሱ ከጎረቤት ማሳ ያመጣበታል። ማኅበሩ በአንድነት ሲሠራ ግን የጋናው በሽታ ለቦናው አይተርፍም።