ሁለት ጊዜ ለገበያ የቀረበው «ስፓርታኩስ»

ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ73 እስከ 71 ዓመት በሮማ ላይ የተነሡትን የባሮች ጦርነት የሚያሳየው «ስፓርታኩስ» የተባለው ፊልም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1960 ዓ.ም. ለሕዝብ ታየ። ስታንሊ ኩብሪክ ያዘጋጀው፥ ኪርክ ዳግላስ ዋና ተዋናይ የሆነበት ይህ ሥራ 12 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጥቶበታል። በ1967 ዳግመኛ ሲታይ ብዙ ክፍል ተቈርጦበት ነበር፤ በ1991 ግን በታላቅ ድካም ታደሰ።

ባለ ንብረቱ የዩኒቨርሳል ኩባንያ በ2010 ፊልሙን ቤት ውስጥ በሚታይ የብሉ ሬይ ዲስክ አትሞ ሸጠ። ይሁን እንጂ ምስሉን ለማጥራት ሲባል ከመጠን በላይ ስለ ተለሰለሰ፥ የተዋንያኑ ፊት ሰም መስሎ ታየ፤ ገዢዎችም አብዝተው ነቀፉት። ኩባንያው በ2015 የታደሰውን ፊልም እንደ ገና በጥንቃቄ አስቀድቶ ቢያወጣ፥ ነቀፋው ወደ ምስጋና ተለወጠ።

ከዚህ ለእኛ ለንግድ ሰዎች የሚተርፍ ትምህርት አለ። የታወቀ ስም ደንበኛን ወደ ሱቅ ይጠራል፤ መልሶ የሚያመጣው ግን የዕቃው ጥራት ነው። ኩባንያው ስሕተቱን ማረሙ ያስመሰግነዋል። ነገር ግን የፊተኛውን ዲስክ ገዝቶ የኋለኛውንም የፈለገ ደንበኛ፥ ለአንድ ፊልም ሁለት ጊዜ መክፈል ግድ ሆኖበታል። ይህን ኪሣራ በየትኛው መዝገብ እንጽፈዋለን?