እንግዳው ቡናውን ራሱ እንዲለቅም

ለእንግዳ እሸት ቀጥፎ ማቅመስ የቆየ ባሕላችን ነው። ይህንኑ ባሕል የገቢ ምንጭ ማድረግ ይቻላል።

ከባሕር ዳር፣ ከፔዳም ሆነ ከሩቅ አገር የመጣ ጎብኚ በጀልባ ዘጌ ወርዶ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሲወጣ መንገዱ በቡና መካከል ነው። እሸት ቡና ለቅሞ በሚዛን ለመክፈል የሚወድ ቢኖርም፣ የትኛው ገበሬ እንደሚቀበለው የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል።

በዚህ ረገድ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ድርሻ ከፍተኛ ነው።

አንደኛ፣ ፈቃደኛ ገበሬዎችን መዝግቦ ዝርዝሩን በጀልባ መውረጃው ላይ መለጠፍ።

ሁለተኛ፣ ዋጋውን አስቀድሞ መቁረጥ። ከ6 ኪሎ ያህል እሸት ቡና የሚገኘው የተፈለፈለ ደረቅ ቡና 1 ኪሎ ገደማ መሆኑ ይታሰብ።

ሦስተኛ፣ እንግዳው ያለ ባለቤቱ ወደ ቡናው እንዳይገባ መከልከል። ቀዩና አረንጓዴው በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ስለሚገኝ፣ ቀዩ ብቻ ይለቀማል እንጂ አይገፈፍም። ቅርንጫፍ ከተሰበረ የመጪው ዓመት ፍሬም አብሮ ይጠፋል።

ቡናው ካላዋጣ የጥላው ዛፍ ለማገዶ መቆረጡ አይቀርም። ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. የጣናን አካባቢ በጥብቅ የባዮስፌር ሥፍራነት የመዘገበውም እንዲህ ያለው ሀብት እንዲጠበቅ ነው። ስለሆነም ማኅበራት ቡናው ከመቅላቱ በፊት መክረው ሊወስኑ ይገባል።