ዘር ቆጠራ በሐኪም ቤት

የዘረመል አማካሪ ዘንድ ቀጠሮ የያዘ ሰው ወዲያው ደም የሚቀዳ ይመስለዋል። መጀመሪያ የሚጠብቀው ግን ጥያቄ ነው። እናትዎ በሕይወት አሉ? አክስቶችዎ ስንት ናቸው? አጎትዎ በስንት ዓመታቸው፣ በምን ሞቱ? አማካሪዋ መልሱን እየሰማች ወንዱን በአራት ማዕዘን፣ ሴቷን በክብ ትስላለች፤ የታመመውን ታጠቁራለች፣ በሞተው ላይ ሰያፍ መስመር ታሰምራለች። ቢያንስ ሦስት ትውልድ ይሳላል። ለጋብቻ ሰባት ቤት ሲቆጠር እያየ ላደገ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ሽማግሌዎቹ የሚያጣሩት ዝምድናን ነው፣ እሷ የምታጣራው ሕመምን።

ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ዝምድናን የምንቆጥረውን ያህል ሕመምን አንቆጥርም፤ እንዲያውም እንደብቃለን። “ሆዷን አሟት ነው የሞተችው” የተባለላት አያት የእንቁላል እጢ ካንሰር ይዟት ሊሆን ይችላል። ኳስ ሲጫወት ወድቆ የቀረው ወጣት በዘር የሚተላለፍ የልብ ሕመም ኖሮበት ይሆናል። ስለዚህ ከቀጠሮው በፊት የቤተሰቡን ጉድ ሁሉ ለምታውቀው አክስት መደወል ዋና ሥራ ነው። ዕድሜም ይጠየቅ፤ በ75 ዓመት የመጣ የጡት ካንሰርና በ38 የመጣው አንድ አይደሉም። የአባት ወገንም አይዘለል። ቢአርሲኤ 1 በሚባለው ዘረመል ላይ ያለ ጉድለት ለጡትና ለእንቁላል እጢ ካንሰር ያጋልጣል፤ ጉድለቱ ያለበት አባት፣ ራሱ አንድም ቀን ሳይታመም፣ ለእያንዳንዱ ልጁ የማውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ሜሪ ክሌር ኪንግ በ1990 እ.ኤ.አ. ዘረመሉ በ17ኛው ክሮሞዞም ላይ እንደሚገኝ ያሳየችው ካንሰር የተደጋገመባቸውን ቤተሰቦች ሐረግ ለዓመታት ተከታትላ ነው።

እንደ ሲክል ሴልና ታላሲሚያ ያሉት ደግሞ ሌላ መንገድ አላቸው። እናትም አባትም ጤነኞች፣ ግን ሁለቱም ተሸካሚዎች ከሆኑ ልጅ የመታመም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ “አንዱ ከታመመ ሦስቱ ይተርፋሉ” ብሎ ይረዳዋል። አይደለም፤ ዕጣው በየእርግዝናው እንደ አዲስ ይወጣል። ሳዑዲ ዓረቢያ ከ2004 ጀምሮ ተጋቢዎች ለሁለቱ በሽታዎች እንዲመረመሩ ታስገድዳለች፤ ውጤቱ ግን ጋብቻውን አያግድም።

ይህ “ንገር እንጂ አትዘዝ” የሚለው ልማድ ከመጥፎ ታሪክ የተወለደ ነው። ቀደም ሲል በአሜሪካ የዘር ሳይንስ ስም “ደካማ” የተባሉ ሰዎች እንዳይወልዱ ይመከኑ ነበር። ሙያውን በ1947 “የዘረመል ምክር” ብሎ የሰየመው ሼልደን ሪድ ሚኒሶታ ውስጥ የመራው ተቋም ራሱ የዚያ እንቅስቃሴ ደጋፊ በነበረ ሰው ኑዛዜ የቆመ ነው። ሪድ ግን ውሳኔው የቤተሰቡ ነው ብሎ ያዘ። በ1969 ኒውዮርክ አጠገብ ሳራ ሎውረንስ ኮሌጅ አማካሪዎችን በማስተርስ ማሠልጠን ጀመረ።

ውጤቱ ሁልጊዜ “አለ” ወይም “የለም” አይደለም። ለውጥ ይገኝና ጎጂ ይሁን አይሁን ሳይለይ ይቀራል። ይህ በእኛ ሰዎች ላይ ይበዛል፤ ማነጻጸሪያው መረጃ በአመዛኙ ከአውሮፓውያን ዘር የተሰበሰበ ነውና። እንዲህ ባለ ውጤት ብቻ ጡት ማስወጣት ስህተት ነው፤ ከዓመታት በኋላ ፍቺው ሊለወጥ ይችላል።

አንድ ነገር ግን ስለ እኛ በደንብ ተጠንቷል። እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ በ1996 ባሳተሙት ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው መድኃኒት የሚያብላላ አንድ ዘረመል ተደራርቦባቸው ተገኝቷል። እንዲህ ያለ ሰው ጉበቱ ኮዴይንን በፍጥነት ወደ ሞርፊን ይለውጠዋል፤ እንዲህ ያለች እናት በምታጠባው ሕፃን ላይ አደጋው ከባድ ነው። የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2017 ኮዴይን ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጥ ያገደው በዚሁ ሰበብ ነው። የሕመም ማስታገሻ ሲታዘዝልዎ ይህን ለሐኪሙ ማንሳት ማጋነን አይደለም።

አሜሪካ ለሚኖር አንባቢ አንድ ማሳሰቢያ፦ የ2008ቱ ሕግ የጤና ኢንሹራንስ ድርጅትና አሠሪ በዘረመል ውጤት ሰውን እንዳይበድሉ ይከለክላል፤ የሕይወት ኢንሹራንስን ግን አይነካም። ያንን ለመግባት ያሰበ ሰው ጉዳዩን ከምርመራው በፊት ከአማካሪዋ ጋር ቢነጋገርበት ይሻለዋል።