በሁለት ዓለማት መካከል
ክፍል 3፦ የጠፋው ጽሑፍ

ባለፈው ሳምንት አይሁዳዊውን ደራሲ አንስኪን የተለየነው በሽሽት ላይ እያለ ነው። ዘመኑ 1918 (እ.ኤ.አ.)፣ አገሩ ሩሲያ። ቦልሼቪኮች ሥልጣን ይዘዋል፤ እሱ ደግሞ የተቃዋሚዎቻቸው ወገን ነው። ቄስ መስሎ አመለጠ ይባላል። ቪልና ሲገባ ነፍሱ ተርፋለች፤ በእጁ ግን ምንም የለም። ‹ዲቡክ› ብሎ የሰየመው ተውኔት፣ በአይሁዳውያኑ ቋንቋ በይዲሽ የተጻፈው ቅጂ፣ መንገድ ላይ ጠፍቶበታል።

የጠፋው ምን እንደሆነ ለመረዳት ጥቂት ዓመታት ወደ ኋላ እንመለስ።

ከ1912 እስከ 1914 አንስኪ በቮሊኒያና በፖዶሊያ ወደ 70 የሚጠጉ የአይሁድ ከተሞችን ዞሯል። ድምፅ የሚቀዳበት የሰም ሲሊንደር ተሸክሞ፣ ፎቶ አንሺና የሙዚቃ ሰው አስከትሎ። አሮጊቶችን አስወራ፣ ቀባሪዎችን ጠየቀ፣ የዘፋኞችን ዜማ ቀዳ። ለዚሁ ሥራ ያዘጋጀው መጠይቅ 2,087 ጥያቄዎች አሉት፤ ሰው ከመወለዱ በፊት ጀምሮ ከሞተ በኋላ ነፍሱ እስከምትደርስበት ድረስ ይጠይቃል። እንዲህ አድርጎ የሚጠይቅ ሰው ተረት ለቃሚ ብቻ አይደለም። እነዚያ ከተሞች ሊጠፉ እንደተቃረቡ የገባው ሰው ነው። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ጉዞው ተቋረጠ፤ የጦር ግንባሩም በእነዚያው መንደሮች መካከል አለፈ።

ተውኔቱ የተወለደው ከዚህ ጉዞ ነው። ኾነን የተባለ ድኻ ተማሪ ሌያን ይወዳል። አባቷ ለሀብታም ልጅ ሊድራት ሲስማማ ኾነን ወድቆ ይሞታል። በሠርጓ ቀን ግን የሞተው ሰው ድምፅ ከሙሽራይቱ አፍ ይወጣል። ዲቡክ ማለት ይህ ነው፤ በሕያው ሰው ሥጋ ውስጥ ገብቶ የሚጣበቅ የሙት ነፍስ። አንባቢዬ፣ ከዛር ጋር አታምታታው። ዛር የሞተ ሰው ነፍስ አይደለም፤ ዲቡክ ግን ትናንት ስም የነበረው፣ ያፈቀረ፣ የተበደለ ሰው ነው። ለዚህ ይመስለኛል እሱን ማስወጣት ከጥንቆላ ይልቅ ችሎት የሚመስለው፤ ሙቱም የሚከራከርበት ጉዳይ አለው።

አንስኪ ጽሑፉን በሩሲያኛም በይዲሽም አዘጋጅቶ ሞስኮ ለሚገኘው ለስታኒስላቭስኪ ቴአትር ቤት አቅርቦ ነበር። በየትዕይንቱ ብቅ እያለ ምስጢር የሚናገረው ‹መልእክተኛ› የገባው በስታኒስላቭስኪ ምክር ነው ተብሎ ይነገራል። አብዮቱ መጣና ዝግጅቱ ሳይሳካ ቀረ።

እንግዲህ ቪልና። ባዶ እጅ።

ደግነቱ አንድ ሌላ ሰው ተውኔቱን ይዞት ኖሯል። ታላቁ የዕብራይስጥ ባለቅኔ ሐይም ናሕማን ቢያሊክ ተውኔቱን እምብዛም አልወደደውም፤ ሆኖም ተርጉሞት በዚያው በ1918 በመጽሔት ታትሞ ወጥቷል። አንስኪ ያንን የዕብራይስጥ ጽሑፍ ፊቱ ዘርግቶ ወደ ይዲሽ መለሰው። የገዛ ቃሉን ከሌላ ሰው አንደበት ተቀበለ ማለት ነው። በእኔ እምነት በተውኔቱ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ትዕይንት የለም፤ መድረክ ላይ ግን አይታይም።

ዕረፍት አላገኘም። በሚያዝያ 1919 የፖላንድ ጦር ቪልናን ሲይዝ አይሁዳውያን ተገደሉ፤ ከሟቾቹ አንዱ ደራሲው ኤ. ቫይተር ነበር። አንስኪ ልቡ ተሰብሮ ወደ ዋርሶ ሄደ። ዋርሶ ውስጥ ‹የቪልና ቡድን› የሚባሉት የይዲሽ ተዋንያን ነበሩ። ተውኔቱን ያውቁታል፤ እሱ በሕይወት እያለ ግን መድረክ ላይ አላወጡትም።

ኅዳር 8 ቀን 1920 (በፈረንጆች ኖቬምበር) አንስኪ ሞተ። 57 ዓመቱ ነበር። ዋርሶ በሚገኘው የአይሁድ መቃብር፣ ደራሲው ፔሬትስ ካረፈበት አጠገብ ተቀበረ። የሰበሰባቸውን ድምፆች ለሌሎች አስረክቦ፣ የራሱን ተውኔት አንዲት ሌሊት እንኳ ሳያይ።

ያኔ ተዋንያኑ ቃል ገቡ። በአይሁድ ሥርዓት ከቀብር በኋላ ሠላሳ ቀን የሐዘን ጊዜ ነው። ሠላሳው ቀን ሳያልፍ ‹ዲቡክ› ለመታሰቢያው ይታያል አሉ።

አስበው፤ አንድ ወር ነው ያላቸው። አዘጋጁ ዳዊድ ኼርማን ሥራውን ያዘ። ሌያን እንድትሆን የተመረጠችው ሚርያም ኦርለስካ ናት። ከባዱ ፈተና የእሷ ነበር፤ በሠርጓ ላይ ከድኾችና ከለማኞች ጋር ትጨፍራለች፤ ከዚያ ከራሷ ጉሮሮ የወንድ ልጅ ድምፅ ማውጣት አለባት። ቢጮኽ ተመልካቹ ይስቃል። ቢለሰልስ ማንም አያምናትም።

በፈረንጆች አቆጣጠር ታኅሣሥ 9 ቀን 1920 ምሽት፣ ዋርሶ፣ ኤሊዚየም ቴአትር። ከአዳራሹ ሰዎች ብዙዎቹ አንስኪን ያውቁት ነበር፤ አንዳንዶቹ ከአንድ ወር በፊት አስከሬኑን ሸኝተዋል። መብራቱ ጠፋ። የአንስኪ ተውኔት የሚጀምረው በጨለማ ነው፤ ሰው ሳይታይ፣ ከሩቅ በሚሰማ ዝግ ያለ ዜማ።

መጋረጃው ተንቀሳቀሰ።

ይቀጥላል። ያ ምሽት እንዴት እንዳለፈ፣ ሌያ አፏን ስትከፍት አዳራሹ ምን እንደሆነ በሚቀጥለው ሳምንት ጠብቁን።