በራጃ አምፓት ደሴቶች የባሕር ዳር ቪላ፤ እንግዳው የሚከፍለው ለምንድን ነው?

በኢንዶኔዢያ ምሥራቃዊ ክፍል፣ ከፓፑዋ ምድር ምዕራባዊ ጫፍ አጠገብ፣ ራጃ አምፓት የሚባሉ ደሴቶች ይገኛሉ። ስሙ በአገሩ ቋንቋ «አራቱ ነገሥታት» ማለት ሲሆን፣ ታላላቆቹ ደሴቶች ዋይጌዮ፣ ባታንታ፣ ሳላዋቲና ሚሶል ናቸው። በዙሪያቸውም ከ1,500 የሚበልጡ ትንንሽ ደሴቶች ተበትነዋል። በነዚህ ደሴቶች ዳርቻ፣ ገበያም የመኪና መንገድም በሌለበት ስፍራ፣ ጥቂት እንግዶችን ብቻ የሚያሳድሩ ቪላዎች ተሠርተው፣ ባሕር ውስጥ ለመጥለቅ ከሩቅ አገር የሚመጡ ሰዎችን ይቀበላሉ። ለአንድ ሳምንት የሚጠየቀው ዋጋ በትልቅ ከተማ ካለው ጥሩ ሆቴል የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ነጋዴ የሆነ ሰው ይህን ሲሰማ አስቀድሞ የሚጠይቀው፣ «ታዲያ የሚሸጠው ዕቃ ምንድን ነው?» ብሎ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ለዚሁ ጥያቄ መልስ መስጠት ነው። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የስፍራውን ንግድ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመልከት ይጠቅማል። በ1860 አልፍሬድ ረስል ዋላስ የተባለው እንግሊዛዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ ዋይጌዮ ደርሶ፣ ቀጥ ብሎ ለመቆም በማታመች ትንሽ ጎጆ ውስጥ ሰንብቷል። የመጣበትም ጉዳይ ቀዩን የገነት ወፍ ለማግኘት ነበር። ለአዳኞቹ መጥረቢያ፣ ቢላዋና ጨርቅ የመሰለውን ዕቃ አስቀድሞ እየከፈለ ወፎቹን ያስመጣ ነበር። ዛሬ በዚያው ደሴት እንግዳው ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ፣ ለአገሬው መሪ ገንዘብ ከፍሎ፣ ያንኑ ወፍ በዛፉ ላይ ሲጨፍር አይቶ ይመለሳል። ለዋላስ የቀረበው ወፍ የተሸጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የዛሬው ግን በየማለዳው ይሸጣል፣ ከዛፉም አይወርድም።

የባሕሩም ነገር እንዲሁ ነው። ከሰላማዊው ውቅያኖስ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ የሚያልፈው ታላቅ የውኃ ፍሰት በነዚህ ደሴቶች አካባቢ ስለሚያልፍ፣ ለባሕር ፍጥረት የሚሆን ምግብ ሳያቋርጥ ይደርሳል። ኮራል ድንጋይ ቢመስልም ሕያው ፍጥረት ነው፤ በዓለም ከሚታወቁት ጠንካራ የኮራል ዓይነቶች ከአራት እጅ ሦስቱ እጅ ያህል በዚህ አካባቢ ይገኛሉ። የዓሣውም ዓይነት ከ1,300 ይበልጣል። በ2012 አንድ የዓሣ ሊቅ በክሪ ደሴት ጫፍ አንድ ጊዜ ጠልቆ 374 የዓሣ ዓይነቶችን ቆጥሯል። እንግዳው ባሕር አቋርጦ የሚመጣው ይህን ለማየት እንጂ ለአልጋው አይደለም።

ይሁን እንጂ አልጋውም ቢሆን በቀላሉ የተገኘ አይደለም። እንግዳው ከጃካርታ ተነሥቶ አራት ሰዓት ያህል በአውሮፕላን በርሮ ሶሮንግ ከተማ ይደርሳል። ከዚያ በመንገደኞች ጀልባ ሁለት ሰዓት ያህል ተጉዞ በዋይጌዮ ደሴት ካለችው ከዋይሳይ ከተማ ይወርዳል። ከዋይሳይ በኋላ የሚወስደው የቪላው ጀልባ ነው። ሩዙም፣ ናፍጣውም፣ ምስማሩም፣ የፍራሹም አንሶላ በዚሁ መንገድ ይመጣል። ስለዚህ በከተማ በአንድ ብር የሚገዛው ዕቃ ቪላው ደጃፍ ሲደርስ የማጓጓዣው ሒሳብ ተጨምሮበታል። አንድ የተረሳ የሞተር ማሰሪያ ቡሎን ለማምጣት ጀልባ መላክ ግድ የሚሆንበት ቀን አለ። በዚህ ምክንያት የቪላው መጋዘን ጠባቂ ከወጥ ቤቱ ሹም ያላነሰ ክብር ይገባዋል።

ከሁሉ የሚከብደው የአየሩ ነገር ነው። ብዙ ሰው ጠላቂው በጀርባው የሚሸከመው ሲሊንደር ኦክሲጅን የተሞላ ይመስለዋል፤ በተለመደው መጥለቅ ግን በውስጡ ያለው ሁላችንም የምንተነፍሰው አየር፣ በኮምፕሬሰር ታምቆ ነው። ኮምፕሬሰሩ አየር የሚስብበት አፍ ለጀነሬተሩ ጭስ የቀረበ እንደ ሆነ፣ ጭሱ ወደ ሲሊንደሩ ገብቶ ጠላቂውን ሊገድል ይችላል። ስለዚህ የአየር ማጣሪያው በጊዜው መለወጥ፣ ሲሊንደሮቹም በየጊዜው መመርመር አለባቸው። መለዋወጫውን ደግሞ የሚሸጥ ሱቅ በአጠገብ የለም። ቪላው የጠየቀው ዋጋ ከፍ ማለቱ እንግዳው ከማያየው ከዚህ ሥራ የተነሣ ነው።

እንግዳው የሚያየው ሌላ ነው። ቤቱ በእንጨት ምሰሶ ላይ ከውኃው ዳር ይቆማል። በረንዳው ወደ ባሕር የዞረ ነው፤ ሌሊት ከማዕበሉ ድምፅ በቀር የሚሰማ የለም። ማለዳ ቁርስ ሳይበዛ ተቀምሶ ወደ ጀልባ ይወረዳል፤ እስከ ማታ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይጠለቃል። ማታ ስለ ታየው ዓሣ ሲወራ ይመሻል። ይህን ጸጥታ የሚወድ ሰው ደስ ይለዋል። ስልክና ገበያ ካላየ ቀኑ የማይመሽለት ነጋዴ ግን በሦስተኛው ቀን ይጨነቃልና አስቀድሞ ራሱን ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ቀብድ ከመላኩ በፊትም እንደ ማንኛውም የግዢ ውል ዝርዝሩን ማወቅ ይገባል። በዋጋው ውስጥ የጀልባ፣ የናፍጣ፣ የሲሊንደርና የመሪ ክፍያ ተጨምሮ እንደ ሆነ፣ ወይም በየብቻው የሚታሰብ እንደ ሆነ በጽሑፍ ይጠየቅ። በአካባቢው ባንክ እንደ ልብ ስለማይገኝ የአገሩን ገንዘብ ከሶሮንግ ይዞ መሄድ ጥሩ ነው። ወባ ያለበት አገር ስለ ሆነ ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል። ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ባለው ጊዜ ነፋስ ባሕሩን ሊያናውጠው ይችላል፤ ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል ያለው ጊዜ የተሻለ ነው።

ሁለት ነገሮች ግን ለድርድር አይቀርቡም። አንደኛው ኢንሹራንስ ነው፤ ጠላቂውን የሚያጠቃው ሕመም ልዩ የግፊት ክፍል ውስጥ መታከምን ስለሚፈልግ፣ በጀልባም ሆነ በአውሮፕላን የማጓጓዙን ወጪ የሚችል ውል ያስፈልጋል። ሁለተኛው የመመለሻው ቀን ነው። በጥልቀት ሳለ ናይትሮጅን በሰው ደም ውስጥ ስለሚሟሟ፣ ለብዙ ቀን የጠለቀ ሰው ከመጨረሻው መጥለቅ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይቆይ በአውሮፕላን መሳፈር የለበትም። ትኬቱን በችኮላ የቆረጠ እንግዳ ወይ አንድ ቀን ይከስራል፣ ወይ ጤናውን ይከስራል።

አሁን ወደ ፊተኛው ጥያቄ እንመለስ። ቤቱ፣ ጀልባውና ኮምፕሬሰሩ በባለቤቱ የንብረት መዝገብ ተጽፈው ይገኛሉ፤ ቢያረጁም ይተካሉ። እንግዳው ገንዘቡን የሚከፍልለት ዋናው ነገር ግን በመዝገቡ የለም። ባሕሩ የቪላው አይደለም። በአገሩ ልማድ የየጎሣው ሰዎች ናቸው የሚጠብቁት፤ ዓሣው ሲያንስባቸው «ሳሲ» በሚባል ሥርዓት ባሕሩን ለተወሰነ ጊዜ ዘግተው ያሳርፉታል። በሚሶል አጠገብ ባትቢቲም በተባለች ደሴት ቀድሞ የሻርክ ክንፍ የሚቆርጡ ሰዎች ሰፍረው ነበር። በ2005 ባሕሩ እንዳይጠመድበት ከአገሬው ሕዝብ ጋር ስምምነት ተደርጎ፣ በዚያችው ደሴት የእንግዶች ማረፊያ ተሠራ። በ2012 ደግሞ የራጃ አምፓት አስተዳደር ሻርክንና ማንታ የተባለውን ባለ ሰፊ ክንፍ ዓሣ ማጥመድን በሕግ ከለከለ።

ይህ ርኅራኄ ብቻ አይደለም፤ ሒሳብም ነው። በፓላው ደሴቶች ተደርጎ በ2011 የወጣ ጥናት፣ አንድ ሻርክ በሕይወት ሳለ በዕድሜው ዘመን ለእንግዳ ንግድ የሚያስገኘውን ጥቅም 1.9 ሚሊዮን ዶላር ሲገምተው፣ ሞቶ ቢሸጥ ግን 108 ዶላር ብቻ እንደሚያወጣ አስልቷል።

ይሁንና ይህ ሀብት በቀላሉ የሚጠፋ ነው። በማርች 2017 አንድ የመንገደኞች መርከብ በክሪ ደሴት አጠገብ ኮራሉ ላይ ወጥቶ ከ13,000 ካሬ ሜትር የሚበልጥ ስፍራ አወደመ። መርከቡ ሊጠገን ይችላል፤ ኮራሉ ግን ወደ ቀድሞው መልኩ ለመመለስ የብዙ ዓመታት ዕድሜ ይጠይቃል። በደሴቶቹ መሬት ውስጥ ኒኬል ስለሚገኝ የማዕድን ቁፋሮም ተጀምሮ ነበር። አፈሩ በዝናብ ታጥቦ ወደ ባሕር ይወርዳል ተብሎ ብርቱ ተቃውሞ ስለ ተነሣ፣ የኢንዶኔዢያ መንግሥት በጁን 2025 ከአምስቱ ኩባንያዎች የአራቱን ፈቃድ ሰርዟል። ኒኬሉም ዋጋ ያለው ሸቀጥ መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ተቆፍሮ ከተጫነ በኋላ ለዚያ አገር ሰው ሁለተኛ አይሸጥም።

እንግዲህ በሩቅ ደሴት ቪላ ተከራይቶ የሚሰነብት ሰው የሚከፍለው ለሦስት ነገር ነው፤ ለማጓጓዣው፣ ሕይወቱን ለሚጠብቅለት ጥንቃቄ፣ ከሁሉም በላይ ሌሎች ሰዎች ሳያጠፉ ለጠበቁት ባሕር። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ገንዘብ ያለው ሁሉ ሊያሟላቸው ይችላል። ሦስተኛውን ግን ከአገሬው ሰው ጋር ተስማምቶ የሚኖር ብቻ ያገኘዋል። ቤት አከራዩ የጎረቤቱን ዓሣ አጥማጅ ከጥቅሙ ሳያካፍለው ቢቀር፣ አጥማጁ ወደ መረቡ ይመለሳል፤ በዚያን ጊዜ ቪላው ባዶ በረንዳ ይሆናል። ነጋዴ ዕቃውን በመጋዘን ቆልፎ ያድራል፤ ዕቃው ከደጁ ውጭ በባሕር ውስጥ የሚያድርበት ነጋዴ ግን ቁልፉ የጎረቤቱ በጎ ፈቃድ ነው።