ወንዝ የገባ መድኃኒት
መድኃኒት ወንዝ ከገባ በውኃው ብዛት ተበርዞ ጉዳት አልባ ይሆናል የሚለው ግምት በስፋት ቢነገርም፣ ትክክል አይደለም። በሕንድ ሃይደራባድ አቅራቢያ በምትገኘው ፓታንቸሩ፣ የ90 ያህል መድኃኒት አምራቾችን ፍሳሽ ከሚቀበል ማጣሪያ የወጣው ውኃ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ጥናት መሠረት፣ በሊትር እስከ 31 ሚሊግራም ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ይዞ ተገኝቷል፤ ይህም መድኃኒቱን በሚወስድ ታካሚ ደም ውስጥ ከሚኖረው መጠን እንኳ ይበልጣል። በእንዲህ ዓይነቱ ውኃ መድኃኒቱን መቋቋም ያቃታቸው ባክቴሪያዎች ሲሞቱ፣ የሚቋቋሙት ተርፈው ይራባሉ፤ የመቋቋም ባሕርይ የሚሰጣቸውን ዘረ መልም ፕላዝሚድ በሚባሉ ትንንሽ የዲኤንኤ ቀለበቶች አማካይነት ለሌሎች ዝርያዎች ያቀብላሉ። የሚያሳስበው ግን፣ ባክቴሪያን ለመግደል የማይበቃ ጥቂት መድኃኒትም ቢሆን ተቋቋሚዎቹን የበላይ ሊያደርግ መቻሉ ነው። ስለዚህ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ሽንት ቤት ከመጣሉ በፊት አወጋገዱ ከፋርማሲ ባለሙያ ይጠየቅ።